ሁለተኛው ዝርዝር

«መቶ አራት ላይ ነኝ! ስሜ አለ፤ ግን ፊት ለፊቱ ያለው አይታየኝም» አለች ጉንጬ፣ ከፊቷ ከቆሙት ልጆች ትከሻ በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የምደባ ዝርዝር ለማየት በእግሯ ጣቶች ተንጠራርታ። «አንቺ ረጅሟ፣ አንብቢልኝ እንጂ። ለቁመትሽ ሥራ ስጪው።»

ቀጮ አነበበች። ያነበበችውን ማመን ስላቃታት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ስም፣ ነጥብ፣ የሙያ ዘርፍ፣ የተመደበችበት ትምህርት ቤት። ስሙ የጉንጬ ነው፤ ነጥቡም የሷ ነው፤ ዘርፉ ላይም «ነርስነት» ተብሎ ተጽፏል። የመጨረሻው ሳጥን ውስጥ ግን የትምህርት ቤት ስም የለም። በቦታው ያሉት አምስት ቃላት ናቸው፦ ትምህርት ቤት አልመረጠችም፤ ከምደባ ውጭ።

«ምን ይላል? ዝም አትበይኝ፣ በናትሽ።»

«አልመረጠችም ይላል።»

«ማ? እኔ?» ጉንጬ ሳቀች። «የክፍሉን ልጅ ሁሉ ክንድ በፋሻ ጠቅልዬ የጨረስኩት እኔ ነኝ አልመረጠችም የምባለው?»

እውነቷን ነው። ሁለቱ ጉንጮቿ እንደ ሕፃን ሙሉ ስለሆኑ ጉንጬ የሚሏት ይህች ልጅ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ጥቅል ፋሻ ይዛ ትዞራለች። እረፍት ላይ ያገኘችውን ክንድ ትጠቀልላለች፤ ትፈታለች፤ እንደገና ትጠቀልላለች። ነርስ ካልሆነች ሌላ ምን ልትሆን እንደምትችል የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከኋላ አንድ ልጅ «እኔንም አልመረጠም ብሎኛል» አለ። ወዲያው ሌላ ልጅ ተከተለው፤ ከዚያ ሦስተኛዋ። ጉንጬ «እንኳን ደስ ያለን! እኔ እኮ ብቻዬን መስሎኝ ነበር» ብላ አሳቀቻቸው። ልጆቹ የሳቁት ነገሩ ስህተት ስለሆነ ከሰዓት ይስተካከላል ብለው ነው። ቀጮ አልሳቀችም። የራሷ ስም አሥራ አንደኛው መስመር ላይ፣ ስትመኘው ከኖረችው የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ጋር ተጽፎ ነበር፤ እሱን እንኳ በቅጡ አላየችውም። የዝርዝሩን አራት ወረቀቶች ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች «ከምደባ ውጭ» የተባሉትን ቆጠረች። ሠላሳ ሰባት ነበሩ። 

ፎርሙን የሠራችው እሷ ናት።

ድሮ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ምርጫቸውን የሚሞሉት በወረቀት ነበር። ወረቀቱ ይጠፋል፣ ይረጥባል፣ የአንዱ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ዘንድሮ ርዕሰ መምህሯ ሁሉም በየስልኩ ይሙላ ብለው ወሰኑ፤ ሥራውንም ለኮምፒውተር መምህሩ ሰጡት። መምህሩ ወጣት ነው፤ የሚሠራውም በኮንትራት፣ በየዓመቱ እየታደሰለት ነው። እሱ ደግሞ ፎርሙን ቀጮ እንድትሠራው አደረገ፤ ከሷ የተሻለ ተማሪ አልነበረውማ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት በኋላ ኮምፒውተር ክፍል እየቀረች ሠራችው።

በጣም የምትኮራው በሁለቱ ዝርዝሮች ነበር። የመጀመሪያውን ሲነኩት የሙያ ዘርፎቹ ወደ ታች ይዘረጋሉ። አንዱን ሲመርጡ፣ ሁለተኛው ዝርዝር ያንን ሙያ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ስም ብቻ ይሞላል። ከሁለቱ አንዱን ሳይነካ «ይምረጡ» በሚለው ላይ ትቶ ለመላክ የሞከረ ሰው ቀይ መስመር ይወጣበታል፤ «ላክ» የሚለው ቁልፍም አልታዘዝም ይላል። ቀጮ ክፍል ውስጥ ለሁሉም አሳየቻቸው። ሆን ብላ አሥር ጊዜ ተሳሳተች፤ ቁልፉ አሥር ጊዜ እምቢ አላት፤ ክፍሉ አጨበጨበላት።

ይህ ሁሉ ሥራ ግን የሚሠራው ፎርሙን በሚሞላው ሰው ስልክ ውስጥ ነው። ትእዛዙ ከገጹ ጋር ተጭኖ ይሄዳል፤ እዚያ ይፈጸማል። ስልኩ ትእዛዙን አልቀበልም ካለ ግን፣ ዝርዝሩን የሚሞላም ስህተቱን የሚይዝም የለም። መምህሩ ይህን ነግሯት ነበር። «ዘበኛሽን ያስቀመጥሽው እንግዳው ቤት ነው» አላት። «እኛ በር ላይም አንድ ያስፈልገናል። የተላከውን ሁሉ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ራሱ እንደገና ያጣራው።» እሺ አለችው። ጀመረችውም። ግን አንዱ ቦታ ላይ ስህተት እያለ አስቸገራት፤ የፈተናም ሳምንት ደረሰ፤ ደግሞስ በዚያ ሁሉ ቀይ መስመር ማን ያልፋል ብላ ተወችው። ሐሙስ ዕለት መምህሩ በኮሪደር ሲያልፍ ጨረስሽው ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ «ጨርሻለሁ፣ ቲቸር» የሚለው ከአፏ ወጣ። እሱም አመናት። ሄዶ አላየውም።

ይሄ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ ማንም የማያውቀው ነው።

የመሙያው ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቀጮ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የጂኦግራፊ ማስታወሻዋን ስታነብ ጉንጬ መጥታ ስልኳን ከአፍንጫዋ ሥር ደቀነችው። አክስቷ የተወችላት፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። ጉንጬ የምትጠቀመው ዳታ የሚቆጥበውን ብሮውዘር ነው፤ ሥዕሉንም ከገጹ ጋር የሚጫነውን ትእዛዝም ሁሉንም እየገፈፈ ባዶ ጽሑፍ ብቻ ያመጣል። ከክፍሉ ልጆች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት እሱን ነው፤ ትንሿን ካርድ ሳምንት ያቆያታል። ጉንጬ ሁለተኛውን ዝርዝር ነካችው። ተዘረጋ። ውስጡ «ይምረጡ» የሚል ብቻ አለ፤ ከሥሩ ምንም የለም።

«ይሄ ነገርሽ ባዶ ነው» አለች ጉንጬ።

ቀጮ አየችው። በደንብ አየችው። በማግስቱ ፈተና ነበር፤ ገና አርባ ገጽ ይቀራታል። «ስልክሽ ነው የጃጀው» አለቻት። «ላኪው ባክሽ። ስህተት ካለው አያሳልፍሽም። ካለፈሽ ትክክል ነው ማለት ነው።»

ጉንጬ ተጫነችው። አለፈ። «ተልኳል፤ እናመሰግናለን» አላት። ጉንጬም ዝርዝሩ ባዶ ሆነብኝ ላሏት ሁሉ «ቀጮ ካለፈ ትክክል ነው ብላለች» እያለች አዳረሰች። የቀጮ ቃል ደግሞ በኮምፒውተር ጉዳይ ክፍሉ ውስጥ የመጨረሻ ቃል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቀጮ ኮምፒውተር ክፍል ስትገባ መምህሩ ብቻውን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከአንዱ ልጅ የተዋሰው አሮጌ ስልክ ተቀምጧል፤ ፎርሙን በሱ ሞክሮ አይቶታል። ተቀመጪ አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከፍ ቢያደርግ ይሻላት ነበር።

«የኛን ማጣሪያ ዛሬ ከፈትኩት» አላት። «ግማሽ ላይ ቆሟል።»

 እሱ ቀጠለ። ማየት የነበረበት ራሱ እንደሆነ፣ ለርዕሰ መምህሯም ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ እንደተናገረ፣ የሷን ስም እንዳላነሳ ነገራት። ርዕሰ መምህሯ ትምህርት ቢሮ ደውለው ነበር። ቢሮው ወንበሮቹ ተደልድለው እንዳለቁ፣ የተረፉትንም ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡ ተጠባባቂዎች እንደወሰዷቸው ነገራቸው። ልጆቹ ዝርዝሩ ባዶ መሆኑን በዓይናቸው እያዩ ከላኩ ደግሞ ግዴለሽነቱ የራሳቸው ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ይመዝገቡ ተብሏል። ግዴለሾች እንዳልነበሩ የሚያሳይ ማስረጃ ካለ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ከእረፍት በኋላ ኮሚቴ ያየዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ትምህርት ቤት እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ጽፎ፣ መልሱን እስካሁን እየጠበቀ ነው።

መምህሩ ስልኩን አገላብጦ አየው። «እኔን ያልገባኝ አንድ ነገር ነው» አለ። «ባዶ መሆኑን እያዩ ለምን ላኩት? አንድ ሁለት ልጅ ቢሆን እሺ። ሠላሳ ሰባት ሰው!»

መልሱን ቀጮ ታውቀዋለች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የቀጮ እናት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። ሃያ ዓመት ሙሉ የጠፉ ካርዶችን ስትፈልግ ኖራለች። ሳል ስትሰማ የሳንባ በሽታ፣ ስልክ ሲጠራ መርዶ የሚታያት ሴት ናት። ችግሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል መሆኗ ነው። ቀጮ ነገሩን ሁሉ ስትነግራት አትክልት እየከተፈች ነበር። ቢላውን አስቀመጠች፤ ምድጃውን አጠፋች፤ መጥፋቱን አየች፤ ተመልሳ ሄዳ እንደገና አየች። ከዚያ የሚሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘረችላት። ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። መምህሩ ኮንትራቱ አይታደስለትም፤ ብትናገሪም ባትናገሪም ያው ነው፤ አንድ ሰው መጠየቅ አለበታ። የጓደኛሽ ወንበር ሰው ተቀምጦበታል፤ የተቀመጠን ሰው የሚያስነሳ ቢሮ ደግሞ አላየሁም።

«ነገ ገብተሽ ብትናገሪ የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው» አለች እናቷ። «ያንቺ ቦታ። እሱንም ይቀሙሻል።»

«ግን እማዬ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ማን ሌላ ነው አልኩሽ?» እናቷ ቢላውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። «እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ስምሽ አንዴ መጥፎ ወረቀት ላይ ከሰፈረ፣ ካርድሽን የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።»

ቀጮ አልተከራከረቻትም። እናቷ ያለችው ሁሉ እውነት መሆኑን ታውቃለች። ፀሐይ ገና ስላልጠለቀች ጉንጬ ጋ ልሂድ አለቻት። እናቷ ጃኬት ልበሺ፣ በዋናው መንገድ ሂጂ፣ ቶሎ ተመለሺ አለቻት፤ አትሂጂ ግን አላለቻትም።

የጉንጬ አክስት የልብስ ንጽህና ቤት አላት፤ የጉንጬ ወላጆች ከሞቱ ወዲህ ያሳደገቻትም እሷ ናት። ውስጡ ሙቀትና የሳሙና ሽታ ነው። ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ጉንጬ እጅጌዋን ሰብስባ የሆቴል አንሶላ ታጥፋለች። አክስቷ ወሬውን ሰምታለች፤ አልተቆጣችም። ዓመት ሙሉ ቤት ቁጭ ተብሎ አይበላም ብቻ ነው ያለችው። ሌላ ከተማ አንድ ዘመዷ ሆቴል ውስጥ የልብስ ማጠቢያውን ያስተዳድራል፤ ሰው ይፈልጋል፤ ምግብና አልጋ ይሰጣል። ጉንጬ እሑድ ትሄዳለች። በሚቀጥለው ዓመት መጥተሽ ትመዘገቢያለሽ ብላታለች አክስቷ። ሁለቱም ይህን እንደማያምኑት ጉንጬ ስታወራው ያስታውቅ ነበር።

ቀጮ ስለ ማጣሪያው ነገረቻት። ከዚያ ደረጃው ላይ ስላለቻት ነገር ልትጀምር ስትል ጉንጬ አቋረጠቻት።

«እሱንማ አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ እኮ።»

«ታዲያ ለምን ለማንም አልተናገርሽም?»

«ለማን ልናገር? ለልጆቹ ላኩት እያልኩ የዞርኩት እኔ ነኝ። አሁን ሁሉም የሚያውቀው እኔን ነው።» ጉንጬ አንሶላውን አራገፈችው። «ዛሬ የአንዱ ልጅ እናት እዚህ ድረስ መጥታ፣ ሥራ ፈት፣ የልጄን ዕድል በላሽው ብላኝ ሄደች። አክስቴ ፊት።»

«ቀጮ ናት ያለችኝ አትያትም ነበር?»

«ምን ይጠቅመኛል? አንቺ ብትቀሪ እኔ ልገባ ነው?» ጉንጬ አላለቀሰችም። ከማልቀስ የባሰ ነገር ፊቷ ላይ ነበር፤ የደከመች ትልቅ ሴት ትመስል ነበር። «ይልቅ ያን ጫፍ ያዥልኝ። ብቻዬን ሳጥፈው ይጣመምብኛል።»

ቀጮ ጫፉን ያዘች። ስድስት አንሶላ አጠፉ፤ እየተቀራረቡ፣ እየተራራቁ።

በማግስቱ ጠዋት ርዕሰ መምህሯ በጥሩ ሁኔታ ነው የተቀበሏት። ቀጮ መናገር የምፈልገው አለኝ ስትላቸው፣ መምህሩ ጥፋቱን የሸፈነለት ተማሪ እንዳለ ቀድመው ገምተው ነበር። ተቀመጪ አሏትና ለትምህርት ቢሮው የተዘጋጀውን ደብዳቤ አሳዩዋት። በፎርሙ ላይ በተፈጠረ የቴክኒክ ችግር ምክንያት፣ ይላል። ቀጮ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ውስጡ ሰው የለም። ችግሩ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ነው የሚመስለው። ልጆቹ ባዶ ዝርዝር ለምን እንደላኩም አንድ ቃል የለበትም።

«ይሄ ይበቃል» አሉ ርዕሰ መምህሯ። «አንቺ አሥራ አንደኛ ነሽ። በሠላሳ ሰባቱ ላይ ሠላሳ ስምንተኛ ልጨምር አልፈልግም። ወደ ክፍልሽ ሂጂ።»

ቀጮ ወረቀት እንዲሰጧት ለመነቻቸው። ሰጧት፤ ምን እንደምትጽፍ ለማየት ይመስላል። የመጀመሪያው መስመር ተንጋደደባት። ቀጥሎ ያለው ቀና አለ። ሁለተኛውን ማጣሪያ ሳትጨርስ ጨርሻለሁ ብላ መምህሩን እንደዋሸችው ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ ትንሽ ቆየች፤ ከዚህ በታች ያለውን ባትጽፈው የሚያጋልጣት ማንም አልነበረም። ጻፈችው። ጊዜው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ዝርዝሩ ባዶ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ላኩት ያልኳቸው እኔ ነኝ። እነሱ ግዴለሾች አልነበሩም፤ እኔን አምነው ነው። ከሥሩ ሙሉ ስሟንና ክፍሏን አስቀመጠች።

ርዕሰ መምህሯ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ከዚህ ክፍል ከወጣ እኔም አልመልሰውም» አሉ። «ቦታሽን ሊሰርዙት ይችላሉ። ጓደኞችሽም አይመለሱበትም። አትሳሳቺ፣ አይመለሱም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ኮፒ ላድርገው። አንዱ ከደብዳቤው ጋር ይሄዳል።»

«ሌላውስ? ስንት ነው የምትፈልጊው?»

«ሠላሳ ሰባት» አለች ቀጮ። «ለእያንዳንዳቸው። ለእናቶቻቸው የሚያሳዩት።»

 ርዕሰ መምህሯ ጥግ ላይ ወዳለው ኮፒ ማሽን በአገጫቸው አመለከቷት። ቀጮ ክዳኑን አንስታ ወረቀቷን በፊቱ ደፋችው። ማሽኑ እያቃሰተ አንድ በአንድ ተፋላት። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ቀይ መብራት በርቶ ቆመ፤ ወረቀት አልቋል። ርዕሰ መምህሯ መጋዘኑ እስከ ሰኞ ተዘግቷል አሉ።

ቀጮ ትኩሶቹን ወረቀቶች ሰብስባ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች። ከደብተሯ መሃል ገጾች ገነጠለች። ወንበሩን ሳበችና ሃያኛውን በእጇ መጻፍ ጀመረች።